በልቻለሁ ያልኩበት ቤት

የቅጹ አሥራ አራተኛ መስመር «ሽታ» ይላል። ከጎኑ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ አንድ ማለት «ምንም አይሸትም»፣ አምስት ማለት «ለመቀመጥ ያስቸግራል»። ቅጹን ጀርመኖቹ እንደሚሉት ቦገን እንለው ነበር። ቦገኑ በባለቤቶቹ ፊት አይሞላም። መመሪያው እንደሚያዘው፣ ጠያቂዋ ጨርሳ፣ አመስግና ከወጣችና በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትሞላዋለች። ስለዚህ ከጥር እስከ ሚያዝያ በሰው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ የሰው ቤት ሽታ በቁጥር ስጽፍ ከረምኩ። ጎረቤት ሲወጣ ሲወርድ ሰላም ካለኝ፣ ተማሪ ፈተና ላይ እንደምታደርገው ወረቀቱን በመዳፌ እከልለዋለሁ።

ጥናቱ በፍራንክፈርት የሚኖሩ የካምቦዲያና የሩሲያ ስደተኞችን ኑሮ የሚያነጻጽር ነበር። ምን አገናኛቸው የሚል ካለ፣ ያገናኛቸው አንድ አዳራሽ ነው። ጻይልስሃይም የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ምድር ቤት ላይ አዳራሽ አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የካምቦዲያ ሴቶች፣ እሑድ እሑድ የሩሲያ ሴቶች በነጻ ይጠቀሙበታል። ድርጅቱ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለአንዳቸው ብቻ ሊሰጠው ወሰነ። ማን ይበልጥ እንደሚያስፈልገው በጥናት ይረጋገጥ አለና ገንዘቡን ለዶክተር ቬሰልማን ሰጣት። ቬሰልማን ቬስትኤንድ ካለው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቢሮ ያላት ተመራማሪ ናት። ማስተርሴን በጨረስኩ በሁለተኛው ወር ቀጠረችኝ።

«አንቺ ጥሩ ጠያቂ ነሽ» አለችኝ የቀጠረችኝ ቀን። «ሰው ፊት ስትቀመጪ መኖርሽን ይረሱታል።»

እንደ ሙገሳ ወሰድኩት። አመሰገንኳትም።

ከሩሲያውያኑ መጀመሪያ የሄድኩት ወይዘሮ ራይሳ ዘንድ ነው። ቤታቸው ቦርንሃይም፣ ከእናቴና ከእኔ ቤት ሦስት መንገድ ተሻግሮ፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ አራተኛው ላይ ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በአገራቸው የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ፤ እዚህ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሮ አጽድተው ጡረታ ወጡ። በሩን ሲከፍቱ የከንፈር ቀለም ተቀብተዋል። ከኋላቸው ጠረጴዛው ይታያል፤ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር፣ ቀይ ሥር የለበሰ ዓሣ፣ በትንሽ ብርጭቆ ቀይ የዓሣ እንቁላል፣ ቸኮላት፣ ባለ ሦስት ድርብ ኬክ።

«በልቻለሁ» አልኳቸው ገና ኮቴን ሳላወልቅ።

«ምን በላሽ? አየር?» አሉና ወንበር ሳቡልኝ።

«እውነቴን ነው፣ ጠግቤያለሁ።»

«ዴቮችካ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔ ድልድይ ነው የሠራሁት፤ የሚሸከመውንና የማይሸከመውን አውቃለሁ። ይኼ ክንድ ምንም አይሸከምም። ብዪ!»

ሦስተኛውን እንቢታ ሳይጠብቁ ሳህኔን ሞሉት። ደስ አለኝ። እናቴን መሰሉኝ። እኛ ቤትም እንዲሁ ነው፤ እንግዳ በልቻለሁ ይላል፣ ባለቤት ሞቼ እገኛለሁ ይላል፣ ሦስት ጊዜ ከተባባሉ በኋላ እንግዳው እንደተሸነፈ ሰው ይበላል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር።

ሻይ ሲቀዳ፣ «ወተት ከፍሪጅ አምጪልኝ፣ ጉልበቴ አይነሣልኝም» አሉኝ። ኩሽና ገብቼ ፍሪጁን ከፈትኩ። ግማሽ ሎሚ አለ። የኢንሱሊን ካርቶን አለ። አንድ ወተት አለ። ሌላው መደርደሪያ ሁሉ ባዶ፣ ግን እንደ ሱቅ መስታወት የተወለወለ ነው። በቤቱ ውስጥ ያለው ምግብ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ መሆኑ ገባኝ። ወተቱን ይዤ ተመለስኩ፤ እሳቸው የመስኮቱን አበባ እያዩ ነበር።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቦገኑን ሞላሁ። አሥራ አራት፣ ሽታ፣ አንድ። አሥራ ሰባት፣ «ለእንግዳ የቀረበ ምግብ»፣ ከዜሮ እስከ ሦስት፤ ሦስት፣ «በብዛት»። ፍሪጅ የሚል መስመር የለም። መጨረሻ ላይ «ሌላ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ነበር። ሌላ ቤት ቴርሚን፣ ማለት ቀጠሮ፣ ነበረኝ። ባዶውን ተውኩት።

ካምቦዲያውያኑ ዘንድ ያስገባኝ ጋሽ ተስፎም ነው። ጋሽ ተስፎም የአባቴ ጓደኛ የነበረ ኤርትራዊ ነው፤ አማርኛውን አስመራ ተማሪ ቤት ነው የተማረው። ጻይልስሃይም አጠገብ ባለው የኬሚካል ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ፣ ከወይዘሮ ቻንቱ ጋር አንድ ማሸጊያ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆሟል። ቻንቱ የቅዳሜዎቹ ሴቶች ታላቅ ናቸው።

«ያለ እኔ ብትሄጂ በር አይከፈትልሽም» አለኝ አውቶቡሱ ውስጥ። «ወረቀት የያዘ ሰው ካዩ ከጆብሴንተር፣ ድጎማ ከሚቆርጡት ዘንድ፣ የመጣ ነው የሚመስላቸው። ጥሩውን ነገር ሁሉ ጓዳ ይከቱታል። እኛስ ብንሆን!»

በሩ ላይ አስተዋወቀንና፣ የዓይን ሐኪም ቴርሚን አለኝ ብሎ ሄደ።

በሩ እንደተከፈተ ሽታው መጣ። ወጥ የመሰለ ሽታ አይደለም፤ በጨው ለወራት የተብላላ ዓሣ ነው፣ ፕራሆክ ይሉታል። አፌ ምራቅ ሞላ፤ ሊያስመልስ ሲል የሚመጣው ምራቅ። መዋሸት አልፈልግም፤ ተጸየፍኩ። በአፍንጫዬ መተንፈሴን አቆምኩ። ወይዘሮ ቻንቱ አጭር፣ ጸጉራቸውን በአጭሩ የተቆረጡ፣ ስድሳ ሰባት ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው። ሰላም ከማለታቸው በፊት ዓይኔን አይተው፣

«ሩዝ በልተሻል?» አሉኝ።

«በልቻለሁ» አልኩ። እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ብዬው አላውቅም።

ጥቂት ፊቴን አዩት። ከዚያ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አስገቡኝ። ጫማዬን አውልቄ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ሰጡኝ። ሌላ ምንም አልመጣም። ጠበቅሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ አለመምጣቱ ገላገለኝ።

መልሳቸው አጭር አጭር ነበር። መቼ መጡ? «በሰማንያ አንድ።» ገቢዎ ይበቃል? «ይበቃል።» ስንት እህትና ወንድም አለዎት? «ሰባት ነበርን።» አሁንስ? «እኔ።»

«ምን ሆኑ?» የሚል ጥያቄ ቅጹ ላይ አልነበረም። እሳቸው ግን ጨመሩበት። «ሁለቱን ወታደር። አራቱን ራብ።»

አዳራሹን ለምን እንደሚጠቀሙበት ስጠይቃቸው ረዘም አድርገው ተናገሩ። በየዓመቱ በመስከረም ዐሥራ አምስት ቀን የሞቱት ይለቀቃሉ አሉ። ተርበው ነው የሚመጡት። ዘመድ ያበስልላቸው እንደሆነ ከቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ እየዞሩ ይፈልጋሉ። ያላገኙ እያለቀሱ ይመለሳሉ። «እዚህ ቤት ድስት ስጥድ የላይኛው ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። አዳራሹ ወጥ ቤት አለው። እኔ በሌላ ቦታ ላበላቸው አልችልም። ያንን ክፍል ነው የሚያውቁት፤ ሠላሳ ዓመት መጥተውበታል።»

«ሃይማኖታዊ በዓል» ብዬ ጻፍኩ።

ደረጃው ላይ፣ አሥራ አራት፣ አምስት። አሥራ ሰባት፣ ዜሮ። ቤት ስገባ ሻርፔን አሽትቼ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ጣልኩት፤ ለብቻው፣ ከእናቴ ልብስ ጋር እንዳይነካካ።

ወይዘሮ ቻንቱ ለቀሩት ሴቶች ነገሩልኝና የእሳቸውን ጨምሮ ሃያ ሁለት ቤት ገባሁ። ሃያ ሁለቱም በር ላይ «ሩዝ በልተሻል?» አሉኝ። ሃያ ሁለቱም በር ላይ በልቻለሁ አልኩ። ማንም አልደገመልኝም።

በሰኔ መጀመሪያ ቬሰልማን ቢሮዋ ጠራችኝ። ከጠረጴዛዋ ሥር ያረጀ ውሻ ይተኛል፤ ያን ቀን ዘንቦበት ነበርና ክፍሉ የእርጥብ ጸጉር ይሸት ነበር። እሷ አታውቀውም። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

«ራኬብ፣ ይኼንን ተመልከቺ። ለእንግዳ የቀረበ ምግብ፤ ሩሲያውያን ሁለት ነጥብ ስምንት። ካምቦዲያውያን ዜሮ! ሃያ ሁለት ቤት፣ ዜሮ! ዐይን ያወጣ የምግብ እጦት ነው። በፍራንክፈርት ከተማ!» ዓይኗ ኬክ እንዳዩ ሰዎች ዓይን ይበራ ነበር። «ይኼ ይታተማል።»

«እነሱ… ይበቃናል ብለዋል» አልኩ።

«ሰው ይዋሻል፣ ቤት ግን አይዋሽም። ቦገኑ ለዚህ ነው የተሠራው።»

«እንግዲያው አዳራሹ ለእነሱ ይሆናል?»

ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ለጠጥ አደረገች። «እሱ ላይ ነው ችግሩ። ሽታ አራት ነጥብ ስድስት። ድርጅቱ ያንን ክፍል በእንደዚህ ዓይነት ሁኔታ ሊያስረክብ አይችልም፤ የንጽሕና ጉዳይ አለ። ሩሲያውያኑ ደግሞ እንደምታይው አይቸገሩም። ስለዚህ ለሁለቱም እንዳይሰጥ ነው የምንመክረው።»

«ታዲያ ለማን?»

«ለእኛ» አለች ፈገግ ብላ። «የጥናቱ ሁለተኛ ዙር ቢሮ ይሆናል። እዚያው ማኅበረሰቡ መሐል። አንቺ ትቀመጪበታለሽ፤ የሁለት ዓመት ውል አዘጋጅቼልሻለሁ።»

ውሻው ተነሥቶ ተራገፈና ጠብታው ጫማዬ ላይ አረፈ። አመሰግናለሁ አልኳት። ይኼ ቃል አፌ ላይ ያን ያህል መርሮኝ አያውቅም፤ ግን አልኩት። ዩ-ባን፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ገብቼ ስቀመጥ ነው ጫማዬን በእጄ ስጠርግ ራሴን ያገኘሁት።

እሑድ ጋሽ ተስፎም እኛ ቤት መጣ። እናቴ፣ የወርቅውሃ፣ ምሳ አቀረበች። እናቴ የሆስፒታል ጽዳት ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት፤ ጀርመን እንግዳ ሲመጣ ሦስቱንም መስኮት በርግዳ የምትጠብቅ፣ ቅቤ ባነጠረች ማግስት ጎረቤት በራችን ላይ ወረቀት ከለጠፈብን ጊዜ ጀምሮ ጥር ላይ እንኳ መስኮት የማትዘጋ። ሐበሻ ሲመጣ ግን ትዘጋዋለች።

«የወርቄ፣ በእግዚአብሔር፣ በልቼ ነው የወጣሁት» አለ ጋሽ ተስፎም።

«የት ነው የበላኸው? ሚስትህ ከሞተች አራት ዓመቷ፤ ልጆችህ በርሊን። ከጠርሙስ ያወጣኸው ጎመን ከሆነ እሱ ምግብ አይደለም።»

«ጠግቤያለሁ ብዬሻለሁ እኮ!»

«ሞቼ ነው የምትሄደው!»

«እንግዲህ አንቺ ከምትሞቺ…» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። ሁለተኛውን ጉርሻ እየዋጠ ወደ እኔ ዞረ። «ራኪ፣ ስሚማ። ያቺ ቻንቱ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። ‹ያችን ቀጭኗን ልጅ ምን አድርገናት ነው?› አለችኝ።»

«ምንም አላደረጉኝም።»

«ሃያ ሁለት ቤት ገብታ አንድ ጉርሻ አልቀመሰችም ነው የምትለው። ሴቶቹ ተነጋግረውበታል። ‹ትጸየፈናለች› ብለዋል።»

«በልተሻል ሲሉኝ በልቻለሁ ስላልኩ ነው እንጂ…»

ባዶ እጁን፣ የሚወድቅ ነገር ሊቀልብ እንደፈለገ ሰው፣ ዘረጋ። «ዋይ ኣነ! በልቻለሁ አልሻቸው?» ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ሐበሻ መሰሉሽ እንዴ? የተማርሽ አይደለሽም?»

«ታዲያ አንዴ እንኳ አይደግሙም?» አለች እናቴ። እሷ አልሳቀችም፤ በእውነት ገርሟት ነበር። «ሰው ሦስቴ ሳይለመን እንዴት ይበላል?»

ጋሽ ተስፎም ውሃ ጠጥቶ ሳቁን ዋጠ።

«ፋብሪካ የገባሁ ሰሞን እኔንም እንዲህ አድርጋኛለች። ምሳ ሰዓት ሳጥኗን ከፍታ በልተሃል ትለኛለች። በልቻለሁ እላለሁ። ትበላለች። ብቻዋን! በማግስቱም እንዲሁ። ሁለት ሳምንት በልቻለሁ እያልኩ ጦሜን ዋልኩ። ይቺ ሴትዮ ንፉግ ናት ብዬ ደመደምኩ። በኋላ ተናድጄ ነገርኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹እኛ በዚያ ዘመን ሰው ለአንድ ማንኪያ ሩዝ ይገደል ነበር። ከዚያ የተረፈ ሰው ሳይበላ በልቻለሁ አይልም። በልቻለሁ ካለ፣ በልቷል። አምኜህ ነው› አለችኝ።»

እናቴ አማተበች። እኔ ሳህኔ ላይ አቀረቀርኩ።

«ዜሮ ጽፌባቸዋለሁ» አልኩ።

«ምን ዜሮ?»

ነገርኳቸው። ስለ ቦገኑ፣ ስለ ደረጃው፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ውሉ። ሽታውን ስናገር እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«የሰው ቤት ገብተሽ፣ ወጥተሽ፣ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለሽ ሽታቸውን ጻፍሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ሥራው ነው፣ እማዬ።»

«እኛ በር ላይ የለጠፈውም ሰውዬ ጻፈ እንጂ አልተሳደበም።»

ተነሥታ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ዜሮው ስህተት ነበር፤ ማስረዳት ይቻላል። አምስቱ ግን ስህተት አልነበረም። ትጸየፈናለች ያሉት ሴቶች ትክክል ነበሩ።

የዚያኑ ዕለት ለቬሰልማን ጻፍኩላት። በልቻለሁ ማለት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ፣ ዜሮው ከእነሱ ድህነት ሳይሆን ከእኔ አስተዳደግ እንደመጣ፣ በሦስት አንቀጽ አብራራሁ። በማግስቱ መልሷ መጣ፤ «በጣም ደስ የሚል ምልከታ! በግርጌ ማስታወሻ እናስገባዋለን። ስላይዱ አልቋል፤ ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ እንገናኝ።»

ሐሙስ በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ገና ጠራራ ፀሐይ ሳለ፣ አዳራሹ ሞላ። በአንድ በኩል የቅዳሜዎቹ፣ በሌላ በኩል የእሑዶቹ ሴቶች ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ራይሳ የከንፈር ቀለም ተቀብተው፣ ጭናቸው ላይ ኬክ በፎጣ ሸፍነው ይዘዋል። ወይዘሮ ቻንቱ በመጀመሪያው ረድፍ ናቸው፤ እግራቸው ሥር ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ድስት አለ። ድርጅቱ ራሱ ያዘጋጀው በስቴኪኒ የተሰካ አይብና ወይን ነበር፤ «የውጭ ምግብ እባካችሁ ለሌላ ጊዜ» ብሎ አንድ ሰውዬ በትሕትና ስለነገራቸው ኬኩም ድስቱም አልተከፈተም።

ቬሰልማን ስላይዷን አበራች። ሁለት ዓምዶች፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ብርቱካን። ስለ ገቢ ተናገረች፣ ስለ ቤት ስፋት ተናገረች። ከዚያ «በዓይን የሚታይ የምግብ እጦት» የሚል ርዕስ መጣ፤ ከሥሩ ካምቦዲያውያን፣ ዜሮ። ወይዘሮ ቻንቱ ጣታቸውን አየር ላይ እያንቀሳቀሱ ቀስ ብለው አነበቡት። አጠገባቸው ያለችው ሴት የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው ጣታቸውን አላወረዱም። ቀጥሎ «የሽታ ጫና» መጣ። አራት ነጥብ ስድስት።

ያኔ ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ ተነሣና መስኮት ከፈተ። ማንም አላዘዘውም። ድስቱ ታስሯል፤ አዳራሹ ውስጥ የሚሸተው አይቡ ብቻ ነበር። ሰውዬው መስኮቱን ከፍቶ፣ እጁን በመሐረብ ጠርጎ ተቀመጠ።

ወይዘሮ ቻንቱ ዞረው አዩኝ። አልተቆጡም። በሩ ላይ በልቻለሁ ያልኩ ጊዜ እንዳዩኝ ነው ያዩኝ፤ ልመናት ወይስ አልመናት ብሎ እንደሚለካ ሰው።

አፌ ውስጥ ያ ምራቅ መጣ። የሚያስመልሰው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሚሸት ዓሣ አልነበረም።

ቆምኩ። ስቆም ወንበሩ ጮኸና ሁሉም ዞረ።

«ዜሮው የእኔ ነው» አልኩ።

«ከፍ አድርገሽ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ዜሮው የእኔ ነው። በየቤቱ በልተሻል ብለው ጠይቀውኛል። በልቻለሁ እያልኩ ዋሽቻቸዋለሁ። እኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ እስኪለመን ድረስ እንደዚያ ይባላል። እነሱ ግን አመኑኝ። ያመነ ሰው ነው ዜሮ የተጻፈበት።» ወደ ስላይዱ ጠቆምኩ። «የሽታውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በራቸው ከተዘጋ በኋላ ደረጃቸው ላይ ተቀምጬ። ያንን ቁጥር ለማንም መስጠት አልነበረብኝም።»

«ራኬብ፣ ይኼ ለውይይት ሰዓት…» አለች ቬሰልማን።

«የሩሲያውያኑም ቁጥር ትክክል አይደለም» አልኩ፤ ወደ ወይዘሮ ራይሳ አላየሁም። «ለምን እንደሆነ አልናገርም። ታምኜ ያየሁት ነገር ነው። ግን ትክክል አይደለም።»

ተቀመጥኩ። የድርጅቱ ሊቀመንበር፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ቁጥሮቹ በሌላ ጠያቂ ዳግም እስኪጣሩ ድረስ ውሳኔው እንዲዘገይ፣ እስከዚያው ቅዳሜም እሑድም እንደነበረ እንዲቀጥል ተናገሩ። ማንም አላጨበጨበም። ቬሰልማን ፕሮጀክተሩን ስታጠፋ ስለ ውሉ በኋላ እንነጋገራለን አለችኝ። አልተነጋገርንም።

ወይዘሮ ቻንቱ ድስታቸውን አንሥተው በአጠገቤ አለፉ።

ውጭ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ወይዘሮ ራይሳ ደረሱብኝ። ኬኩን አንዷ ጓደኛቸው ይዛላቸዋለች። ክንዴን ያዙኝ።

«ዴቮችካ፣ ያን ቀን ወተት አምጪ ብዬ ለምን የላክሁሽ ይመስልሻል?»

«ጉልበትዎ…»

«ጉልበቴ ደህና ነው፤ አራት ፎቅ እወጣበታለሁ። ወተት ደግሞ አልጠጣም፣ ሆዴን ይነፋኛል። ላንቺ ነው የገዛሁት።» የመንገዱን ማዶ እያዩ ነበር። «በአፌ ልናገረው አልችልም። እናቴም አትችልም ነበር። ስለዚህ ሄዳ ትየው አልኩ። አየሽው። ወተቱን አስቀመጥሽ። ሻይሽን ጠጣሽ። ሄድሽ።»

አውቶቡሱ መጣ። አልተሳፈርንም።

«ወረቀትሽ ላይ ባዶ ቦታ አለ?» አሉኝ።

«አለ። መጨረሻው ላይ።»

«እንግዲያው እዚህ ሙዪው። ደረጃ ላይ ሳይሆን፣ እዚህ፣ እኔ እያየሁሽ።»

የእሳቸው ቦገን ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀመጥንና፣ ግማሽ ሎሚ፣ አንድ የኢንሱሊን ካርቶን፣ አንድ ወተት ብዬ ጻፍኩ። በጣታቸው መስመሩን ተከትለው አነበቡት። «‹ንጹሕ ነበር› የሚልም ጨምሪበት» አሉ። ጨመርኩበት። በማግስቱ በፖስታ ለሊቀመንበሩ ላክሁት።

ክረምቱን ቤርገር ሽትራሰ ላይ ዳቦ ቤት ሠራሁ። አዲስ ጠያቂ ተቀጥሯል ተባለ፤ አዳራሹ በጥር ምን እንደሚሆን እስካሁን አልታወቀም።

መስቀል ዓርብ ዋለ። በማግስቱ ቅዳሜ ጻይልስሃይም ሄድኩ። ጋሽ ተስፎም አብሬሽ ልምጣ ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። ከማቆሚያው ጀምሮ ሽታው ይሰማል። ያው ነው፤ ከጥር ወዲህ አልተለወጠም፤ አፍንጫዬም አልተለወጠም። የአዳራሹ በር ክፍት ነው። ውስጥ ሴቶች የሩዝ ድፍን ያድበለብላሉ፤ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሳህኖች ተደርድረዋል፣ ከፊታቸው ወንበር የሌላቸው። ቆጠርኳቸው ማለት አልችልም፤ ብዙ ነበሩ። ከዳር ስድስቱ ለብቻቸው ተለይተው ተቀምጠዋል።

ወይዘሮ ቻንቱ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ወደ በሩ መጡ። ፊቴን አዩ። ከእንግዲህ አይጠይቁኝም ብዬ አሰብኩ፤ ባይጠይቁኝም አልፈርድባቸውም ነበር።

«ሩዝ በልተሻል?» አሉኝ።

ምራቄን ዋጥኩ።

«አልበላሁም» አልኳቸው።